የቧንቧው አባት

ኅዳር 4 ቀን 2081 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ አቶ ቢተው ደርሶ እንደ ወትሯቸው ከዋርካ ሜዳ ሰው ሁሉ ቀድመው ተነሡ። ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጓሮ ወጡና የሰፈሩ ሰው «ዐቃቤ ሕግ» የሚል ስም ያወጣለት መጸዳጃ ላይ ተቀመጡ። ዐቃቤ ሕጉ ከአንዲት ጠብታ ውስጥ ዓይን የማያያትን ተሕዋስ ለቅሞ፣ ስሟን ተናግሮ፣ የዘር ሐረጓን ሰባት ቤት ይቆጥራል። የሚታጠበው ግን በጣሳ ነው። ወደ ዋርካ ሜዳ ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ብቻ ስለሆነ አቶ ቢተው ከጀሪካኑ ቀድተው አፈሰሱበትና መልሱን ቆመው ጠበቁ።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ቢተው» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ እንደ ዜና አንባቢ በተገራ ድምፅ። «ሐሙስ ዕለት በሆድዎ የተገኘችው የተቅማጥ ተሕዋስ፣ ሺጌላ፣ በሃያ ሦስት ቤቶች ታይታለች። ዝርያዋ በሁሉም ቤት አንድ ነው። ምርመራው ተጠናቋል። የበሽታው መነሻ እርስዎ ነዎት። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ሐሙስ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው መዋሉ እውነት ነው። የአንጀት ደኅንነት ባለሥልጣን የላከው ክኒን ግን ገና ቁርጠቱ ሳይበረታ በአየር ደርሶ በደጃቸው ወድቆ ነበር፤ ቅዳሜ ተሽሏቸዋል። በዚያ ዘመን መታመም ነውር አይደለም። ማንም ይታመማል፣ ማንም ይድናል፣ በየሁለት ሳምንቱም መልሶ ይታመማል። ነውሩ መነሻ መሆን ነው።

መነሻ የተባለ ሰው ዘጠና ቀን ከማንም ጋር ማዕድ አይቀርብም። ቢቀርብም ገበታው ራሱ ያጋልጠዋል፤ የመነሻ ሰው እጅ ሲያርፍበት እንደ አምቡላንስ ይጮኻል። ባለፈው ጥር አንዲት የሙሽራ አክስት ከድንኳን የወጡት በዚህ ዓይነት ነበር። ሙዚቀኞቹ ጩኸቱን ከዘፈኑ ጋር አስማምተው ሊሸፍኑላቸው ቢሞክሩም አልሆነም። ጉርሻ ከቆመማ ዓመታት አልፈዋል፤ ማለት በፈቃድ ሆኗል። አጉራሽና ጎራሽ አንድ ላይ ያመለክታሉ፣ አንጀታቸው ይመሳከራል፣ ፈቃዱ ለሃያ አራት ሰዓት ያገለግላል። ብዙ ፍቅረኞች ፈቃዱ ሲመጣ ተጣልተው ይገኛሉ።

አቶ ቢተው በሽታውን አልፈሩም። ብቻቸውን መብላትን ነው የፈሩት። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፣ ሰው የሚሏቸው የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞቻቸው ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለት ሆነው ወር በገባ በ12 በተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፣ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ሲሞቱም ይቀባበራሉ። ባለፈው ጥቅምት 12 ቀን ቀጣዩ ተራ የአቶ ቢተው ሆኖ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ተሸክመው ቤታቸው ገብተዋል። የኅዳር ሚካኤል፣ የዓመቱ ትልቁ፣ በእሳቸው ቤት ሊደገስ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ጠላው ተጠንስሷል። አሁን በራቸው ላይ ያለው የባለሥልጣኑ ሰሌዳ ቀልቶ «መነሻ» ይላል።

ረፋድ ላይ የማኅበሩ ሙሴ አቶ ሙጬ መጡ። የማኅበር ሙሴ ማለት የማኅበሩ መሪ ነው፤ አቶ ሙጬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሒሳብ መምህር ስለነበሩ ሥራውን በጥብቅ ነው የሚይዙት። ከአቶ ቢተው ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው ኖረዋል። ቢሆንም ከአጥሩ አላለፉም።

«ሰማሁ» አሉ አቶ ሙጬ፣ በአጥሩ ላይ ተደግፈው።

«ሰማህ።»

«እኔንም ሐሙስ ቆርጦኝ ነበር። ካንተ እንደያዘኝ ዐቃቤ ሕጌ ነግሮኛል።»

«እኔ ቤትህ ከገባሁ ስንት ጊዜዬ ነው? እንዴት አድርጌ ሰጠሁህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በዘር ሐረግ ነው የሚያወሩት።» አቶ ሙጬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢተው፣ አትቀየመኝ። እስከ 10 ድረስ ይህ ነገር ካልተነሣልህ ጽዋውን ልወስደው ነው። የሚካኤል ጽዋ ከመነሻ ቤት አይጠጣም። ተራህ ይዘለላል።»

ተራው የተዘለለ ሰው ደግሞ ወደ ማኅበሩ ሲመለስ ማንም አይቶ አያውቅም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አልተነጋገሩበትም።

ባለሥልጣኑ ከከተማው ራስጌ ባለ ስምንት ፎቅ የመስተዋት ሕንፃ አለው። አራት መቶ ተመራማሪዎች በውስጡ የዋርካ ሜዳን አንጀት ሌት ተቀን ያነባሉ። በግቢው መካከል ቆንጆ ፏፏቴ አለ፤ ውኃው በቦቴ ከሌላ ከተማ ይመጣል። አቶ ቢተው በዚያው ቀን ሄደው፣ ወረፋቸው ደርሶ የገቡት ዶክተር ሶልያና ወደምትባል ወጣት ተመራማሪ ቢሮ ነበር። ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ወንበሩን ግን ከጠረጴዛዋ ሦስት ሜትር አርቃ ነው የሰጠቻቸው፤ ደንቡ ነው።

«ልጄ፣ እኔ መነሻ የሆንሁት በምን ምክንያት ነው?»

ሰሌዳውን ወደ እሳቸው አዞረችላቸው። ትልቅ ዛፍ ይታያል፣ በየቅርንጫፉ የጎረቤቶቻቸው ስም ተንጠልጥሏል። «ይመልከቱ አባባ። ሺጌላዋ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እርስዎ ጋ ታየች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ሙጬ ጋ። ከዚያ እየወረደች፣ እየወረደች፣ ሁለት ሰዓት ላይ ሃያ ሦስተኛው ቤት ገባች።»

«እኔ እኮ ከሁሉም ቀድሜ ነው የምነሣው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው።»

«ይሆናል።»

«እንግዲህ ሁላችንም ማክሰኞ የመጣውን ውኃ ጠጣን። ሐሙስ ሁላችንንም ቆረጠን። እኔ ቀድሜ ተነሣሁ፣ ቀድሜ ተቀመጥሁ። እንቅልፋም ብሆን ኖሮ መነሻው ሙጬ ነበር ማለት ነው?»

ዶክተር ሶልያና ይህን አስባው አታውቅም። ሰባት ዓመት የተማረችው የተሕዋሲያንን ዘር እንጂ ሰው በስንት ሰዓት ከአልጋው እንደሚወርድ አልነበረም። «ሥርዓቱ ቀዳሚውን ነው የሚይዘው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ውኃውን መርምራችሁታል?»

«ውኃ የኛ አይደለም አባባ። እኛ አንጀት ነን።»

«ውኃውስ የሚገባው የት ነው?»

«ከገባ በኋላ የኛ ነው። ከመግባቱ በፊት የሌላ መሥሪያ ቤት ነው።»

«በይ እንግዲህ መነሻው ውኃው ነው ብለሽ ጻፊልኝ።»

«መጻፊያ የለውም። 'መነሻ' የሚለው ቦታ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው የሚጠይቀው። ሦስቱ ካልተሞሉ አያሳልፍም። ውኃ ደግሞ አያት የለውም።» ይህን ስትል አልሳቀችም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያስቅ ነገር አይደለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባል የነበረው ድሮ በዘፈቀደ ነው፤ አሁን በሰዓትና በደቂቃ ተመዝግቦ፣ ዛፍ ተሥሎለት ሆኗል።

አቶ ቢተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሆዳቸው ያውቅ የነበረውን አንድ ነገር ከራሳቸው ጋር ተነጋገሩበት። ሠላሳ ሦስት ዓመት በውኃ አገልግሎት ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። የዋርካ ሜዳ መስመር የት ላይ እንደ ቆሰለ ከሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ውኃው በሚመጣበት ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል አካፋቸውን ይዘው ከዋርካው ሥር ሄዱ።

አንድ ሜትር ያህል ሲቆፍሩ አገኙት። ቧንቧው ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ጎን ለጎን እንደ ባልና ሚስት ተኝቷል፤ ሁለቱም ተሰንጥቀዋል። በቧንቧው ስንጥቅ ላይ የመኪና ጎማ ላስቲክ ተጠምጥሞ በሽቦ ታስሯል። የሽቦውን አቋጠር አቶ ቢተው አወቁት። የገዛ እጃቸው ነው።

በ2041 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ከባልደረባቸው ከተገኝ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክከው፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ መለዋወጫው ከመጋዘን እስኪወጣ ለአንድ ሳምንት ብለው ጠመጠሙት። ተገኝ ያን ዕለት «ቢተው፣ ይህን ነገር እንዳንረሳው፤ ኋላ ሰው ይጎዳል» ብሎ ነበር። አልረሱትም። መለዋወጫው ነው ያልወጣው። አሁን ላስቲኩ ጠርዝ ጠርዙን ተበልቶ፣ ውኃው ሲመጣ ወደ ውጪ እየተፋ፣ ሲሄድ የጎረቤቱን እየጠጣ ነበር። አቶ ቢተው አፈሩ። ያንኑ ያህል ደግሞ፣ ደግ ነገር ባይሆንም፣ ለሳምንት የታሰረ ሽቦ አርባ ዓመት መቆየቱ ትንሽ አኮራቸው። ከሚንጠባጠበው ውኃ በጠርሙስ ያዙና ወደ መስተዋቱ ሕንፃ ተመለሱ።

ዶክተር ሶልያና ጠርሙሱን ከተቀበለቻቸው በኋላ ብዙ አቅማማች። ክልክል ነው። ግን ያ «እንቅልፋም ብሆን ኖሮ» ያሉት ነገር ሌሊቱን ሲበላት አድሯል። በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ ጠርሙሱን ወደ መመርመሪያው ወሰደችው። መመርመሪያው ውኃ አያውቅም፤ የማን ሆድ እንደሆነ ካልተነገረው አይሠራም። ስም የማይጠይቀው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «ስም ያልወጣለት ሕፃን» የሚለውን ነካችና ጠርሙሱን አስገባች።

ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ መነሻ አይደሉም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«የሃያ ሦስታችሁም ሺጌላ ከዚህ ጠርሙስ ነው የተወለደችው። ያለፈው ዓመትም፣ ያቻምናውም። የስንት ዓመት ዘሯ እዚህ ውስጥ ተኝቷል።» ቀጥላ ግን ግንባሯን ያዘች። «ሥርዓቱ ሕፃኑን መነሻ አድርጎታል።»

«የምን ሕፃን?»

«ቧንቧውን። በሕፃን ስም ነው ያስገባሁት። አሁን ስም ይውጣለት እያለኝ ነው። ልሰርዘው ብል ሕፃን መሰረዝ ወንጀል ነው ይላል።»

አቶ ቢተው ትንሽ አሰቡ። «ቧንቧ በይው ታዲያ።»

ጻፈች። «የአባት ስም?»

አቶ ቢተው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«አባቱ ካልታወቀ ለመጨረሻ ጊዜ የተንከባከበው ሰው ይጻፋል ይላል ደንቡ። ይህን ቧንቧ መጨረሻ ላይ የጠገነው ማነው? ይታወቃል?»

«አባት የሆነ ሰው ምን ይሆናል?» አሉ አቶ ቢተው።

«የመነሻ ቤተሰብ ይባላል። ዘጠና ቀን ከቤተሰቡ በቀር ከማንም ጋር አይበላም።»

«ቤተሰቡ እርስ በርሱስ?»

«እርስ በርሱ ይበላል። ግዴታውም ነው፤ ከዚያ ማዕድ ሌላ አይፈቀድለትም።»

ተገኝ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስሙን ቢጠሩ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ሙት አይገለልም፣ ሙት ማዕድ አይከለከልም። ሰሌዳው ዛሬውኑ ይጠራል፣ ማኅበሩ በቤታቸው ይውላል። አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ እንዳንረሳው ባላቸው ሰው መቃብር ላይ ልጅ ሊጥሉ አንጀታቸው አልቻለም።

«ቢተው» አሉ። «አያቱን ደርሶ ብለሽ ሙይው።»

አባታቸው ደርሶ ዕድሜ ልካቸውን ከወንዝ የጠጡ ገበሬ ነበሩ። ከሞቱ በሠላሳ ዓመታቸው የቧንቧ አያት ሆኑ።

ባለሥልጣኑ አንዴ ስም ካገኘ ፈጣን ነው። በማግሥቱ የመስመሩ መክፈቻ በቀይ ማኅተም ታሸገ፤ ቧንቧ ቢተው ደርሶ፣ ዕድሜ አርባ፣ ለዘጠና ቀን ተገለለ። በዋርካ ሜዳ የማክሰኞ ውኃም ቀረ። ከዋርካው ሥር ክኒን በአየር መጥቶ ይወድቅ ጀመር፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ። ወደ አቶ ቢተው ስልክ መልእክት ተላከ፤ ልጃቸው አንድም ክትባት እንዳልተከተበ በመዝገብ ስለታየ እንደ አባት ሊያፍሩ እንደሚገባ ይገልጽና፣ ክብደቱ እንዲለካ በአስቸኳይ ታቅፈው እንዲያመጡት ይጠይቃል። አቶ ቢተው መልሰው ደወሉ። ስንጥቁን ራሳቸው በአንድ ቀን ሊቀይሩት እንደሚችሉ፣ አዲስ ቧንቧም ከቤታቸው እንዳላቸው አስረዱ። መልሱ አጭር ነበር፤ የተገለለ ሰው አይነካም።

ውኃው ሲቆም ዐቃቤ ሕጎቹም ደረቁ። ጀሪካን ያለቀበት ሁሉ ወደ ጫካ መውጣት ጀመረ፣ ጫካ ደግሞ አያነብም። በሳምንቱ መጨረሻ ባለሥልጣኑ በዋርካ ሜዳ አዲስ የታመመ ሰው አለመኖሩን በደስታ አበሠረ።

ኅዳር 10 አቶ ሙጬ ጽዋውን ሊወስዱ መጡ። ያሁኑ ሰሌዳ «የመነሻ ቤተሰብ» ይላል። አቶ ቢተው ከአጥሩ ወዲህ ሆነው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ላስቲኩን፣ ሽቦውን፣ ተገኝን፣ ሕፃኑን። አቶ ሙጬ በመጀመሪያ ሊያምኑ አልቻሉም፣ ቀጥሎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ለሳምንት ብለህ አሰርኸው፣ መሥሪያ ቤቱ ረሳው። ያንተ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?» አሉ። ከዚያ በድንገት ሳቃቸውን አቋረጡ። «ቆይ። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይበላል ነው ያልኸኝ?»

«ግዴታውም ነው አለችኝ።»

«ጽዋውን ካለበት አታንቀሳቅሰው» አሉ አቶ ሙጬና ዱላቸውን ይዘው እየተጣደፉ ወረዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ዶክተር ሶልያና ቢሮዋ ስትደርስ ነጠላ ያጣፉ አሥራ አንድ አዛውንት በመስመር ቆመው ጠበቋት። ፊት የቆሙት አቶ ሙጬ ናቸው።

«ዝምድና ልናስመዘግብ ነው።»

«የማን ዝምድና?»

«የቧንቧ ቢተው። እኔ አጎቱ ነኝ።»

ዶክተር ሶልያና ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሰሌዳዋ አየች፣ ጻፈች። ሥርዓቱ ዝምድናን አይጠራጠርም፤ በዚህ አገር ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ መርምሮ የጨረሰ የለም። ሁለተኛው ሰው የአባቱ አክስት ልጅ ነኝ አሉ። ሦስተኛው አማቹ ነኝ ሲሉ ቧንቧ መቼ እንዳገባ ጠየቀቻቸው፤ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ስንት ዓመት ሲኖር ምን ሊባል ኖሯል ብለው መለሱላት። አንዱ የጡት ልጁ ነኝ አሉ፣ አርባ ዓመት ያጠባኝ እሱ ነው በሚል። መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳለሟትና «እኔ የንስሐ አባቱ ነኝ፤ ግን ገና አልተናዘዘም» አሏት። ዶክተር ሶልያና ያን ጊዜ መሳቅ ጀመረች፤ ጎረቤት ቢሮ ያሉት ባልደረቦቿ ታማ መስሏቸው በሩን ዘጉ።

ኅዳር 12 ቀን ማኅበሩ በአቶ ቢተው ቤት ሙሉ ሆኖ ተሰበሰበ። በድሮ ዘመን በዚህ ቀን ሰው በሽታን ለማባረር ቆሻሻ እየሰበሰበ ያጥን ነበር፤ አሁን ጢስ የተከለከለ ስለሆነ ባለሥልጣኑ በየስልኩ የጢስ ሥዕል ልኮ ነበር። ማንም አላየውም። ገበታው አሥራ ሁለት እጅ አረፈበት፣ አልጮኸም። ዘመድ ከዘመዱ ጋር መሆኑን ያውቃል። መምሬ ጥበቡ ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ ጽዋው ዞረ። አቶ ቢተው እየዞሩ ሲቀዱ ዓይናቸው እንባ አዝሎ ነበር። እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ጽዋው አቶ ሙጬ ዘንድ ደረሰ። ተጎነጩ፣ አጣጣሙ። «ቢተው፣ ይሄ ጠላ ይለያል እኮ። ለነገሩ ያንተ ሁልጊዜም ይለያል።» ደግመው ሊጎነጩ ካነሡ በኋላ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ግን በየትኛው ውኃ ነው የጠመቅኸው? በልጃችን ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ስምንቱ ጠጥተው ነበር። መምሬ ጥበቡ ሳያስቡት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ፣ ሌላው ሰው ጽዋውን ትኩር ብሎ ያየው ጀመር። አቶ ቢተው የሰዎቻቸው ፊት ሲገረጣ አዩ። በአንዲት ቃል ሊያረጋጓቸው ይችላሉ፣ ቃሏም እውነት ናት።

«አይዟችሁ» አሉ። «በምንጭ ውኃ ነው። ከቆላ በአህያ አስመጥቼ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ!» አሉ መምሬ፤ ቤቱ ተነፈሰ። የሒሳብ መምህሩ ግን አልተነፈሱም።

«ይህ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ነው የጠነሰስኸው። ዘንድሮ ምን ታይቶህ ነው ከቆላ ያስመጣኸው?»

«እንዲሁ ነው።»

«ባለፈው ተራህስ?»

አቶ ቢተው ማሰሮውን አስቀመጡ። «ያን ጊዜም በምንጭ ነው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ያን ጊዜም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአርባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ።»

አቶ ሙጬ ጽዋውን በቀስታ ገበታው ላይ አኖሩ። «ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር» አሉ አቶ ቢተው። «የሚካኤልን ጽዋ በዚያ ውኃ መጥመቅ ድፍረት ሆነብኝ። ለናንተ መናገር ግን አፈርሁ። በመጀመሪያ ሳምንት ነው አልሁ፣ ወር ሆነ። ከዓመት በኋላ እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት? አንድ ጊዜ አመልክቼ ነበር፤ ማን ነው እንዲህ የሠራው ሲሉኝ ማመልከቻዬን ይዤ ተመለስሁ። ሁሉም ሰው ክኒን ሲያገኝ ደግሞ፣ ይድናሉ እያልሁ ራሴን አታለልሁ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አሉ አቶ ሙጬ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሚስቴን ያልጋነሽን ታውቃታለህ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በቆረጠኝ ቁጥር፣ እጅሽን ሳትታጠቢ ነው የሠራሽው እያልሁ በሰው ፊት አዋረድኋት። አንተም ተቀምጠህ ትሰማ ነበር። እዚችው ቤት፣ ካጠገቤ ተቀምጠህ። እጇን ስትፈትግ፣ ስትፈትግ ቆዳዋ አልቆ ነው የሞተችው። ይቅርታ ሳልላት ነው የሞተችው፣ ቢተው።»

ከአሥራ ሁለቱ አንድም ቀና ያለ አልነበረም። አቶ ሙጬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን አንሥተው፣ የሰው ጉልበት እየተራመዱ ወደ በሩ ሄዱ። አንድ እግራቸው ደፉን ሲሻገር በበሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ነቃ።

«አቶ ሙጬ፣ የቧንቧ አጎት» አለ በዚያው በተገራ ድምፅ። «ማዕድ ሳይነሣ ሊወጡ ነው። ከዚህ ቤት ሌላ ማዕድ አልተፈቀደልዎትም። ሰማንያ ዘጠኝ ቀን ይቀርዎታል። መልካም በዓል ይሁንልዎ።»

አቶ ሙጬ ደፉ ላይ ቆሙ። ከዋርካው ሥር የቀትሩ ክኒን ጠብ ሲል ተሰማ። ከዚያ ተመለሱ። በርጩማቸውን አነሡ፣ ወደ ግድግዳው አዞሩት፣ ጀርባቸውን ለአቶ ቢተው ሰጥተው ተቀመጡ። ብዙ ቆይተው፣ ዞር ሳይሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«ቅዳ» አሉ።

አቶ ቢተው ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እስከ አፉ ሞልተው ሰጧቸው።